ራይዘን 5 2600 በ4.1 ጊጋኸርዝ ረጅም ቪዲዮ ላይ ይዘጋብኛል፤ ከጥር ሰርግ በፊት እንዴት ላረጋጋው?

የሰርግ ካሜራ (ደብረ ማርቆስ)፦ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ በኤክስኤምፒ (ራሙን በሚያፈጥነው የባዮስ ምርጫ) 3200 ላይ የተስተካከለ 16 ጊጋባይት ራም፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ አለው። ሥራ እንዲፈጥንልኝ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቼ ስድስቱንም ኮር 4.1 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁን 1.4 አደረግኩት።

ኢንተርኔት ስጠቀም ወይም ፎቶ ሳስተካክል ምንም አይልም። ሲኔቤንች የሚባለውን የፍጥነት መለኪያም ይጨርሳል። ረጅም ቪዲዮ ማውጣት ስጀምር ግን አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ አንዳንዴ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱን ቪዲዮ ሳይቆም ጨረሰና ስከፍተው መሃሉ ላይ አረንጓዴ ሳጥኖች ነበሩበት። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ስትወጣ የተቀረጸ ምስል ድጋሚ አይቀረጽም።

የሰፈራችን መብራት ምሽት ላይ ኃይሉ ይወርዳል። ጥፋቱ የመብራቱ ይሁን የፕሮሰሰሩ መለየት አልቻልኩም። ጥር ሲገባ ሥራው ይደራረባል፤ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ እኔ ይህንኑ ፕሮሰሰር 4.2 ላይ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ጨዋታ እጫወትበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘጋብኝም። ፕሮሰሰር ሲዘጋ ቮልቴጅ አንሶታል ማለት ነው። ወደ 1.42 ከፍ አድርገውና ሞክረው።


ጮቄ (ሞጣ)፦ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡40

ጣና ዳር፣ በዚህ አልስማማም። ያ ምክር ለዚህ ሰው ነገሩን ያባብስበታል።

ጨዋታ ፕሮሰሰርን እንደ ቪዲዮ አያስጨንቅም። በጨዋታ ጊዜ አብዛኛው ሸክም በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች ጥቂቱ ሲሠሩ ሌሎቹ ያርፋሉ። ቪዲዮ ሲወጣ ግን ስድስቱም ኮር፣ አሥራ ሁለቱም ትሬድ (በየኮሩ ሁለት ሁለት የሥራ መስመር) ያለ እረፍት ለሰዓታት ይነዳሉ። በዚያ ላይ የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራሞች ኤቪኤክስ የሚባሉትን ከባድ ትእዛዞች ይጠቀማሉ፤ እነዚህ ከተራው ሥራ የበለጠ ኃይል ይስባሉ። ጨዋታ ላይ የጸና ፍጥነት ቪዲዮ ላይ ላይጸና የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰርግ ካሜራ፣ ሒሳቡን ከእኔ ጋር ተመልከት። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። የአንተ 2600 በፋብሪካ ቅንብሩ መነሻው 3.4፣ ጣሪያው 3.9 ጊጋኸርዝ ነው። ኮሮቹ ሁሉ ሲሠሩ በ1.2 ቮልት 3.7 አካባቢ ይሄዳል እንበል። በ1.4 ቮልት ወደ 4.1 ስትወስደው ፍጥነቱ በ11 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ1.3 ቮልት 4.0 ላይ ብታቆመው ግን ፍጥነቱ በ8፣ ኃይሉ በ27 በመቶ ይጨምራል። ይህንን በሰዓት መንዝረው። ያለ ምንም ለውጥ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ በ4.1 ወደ 54 ደቂቃ፣ በ4.0 ወደ 55 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ለዚያች ጊዜ ተብሎ የሰው ሰርግ አደጋ ላይ አይጣልም።

ማቀዝቀዣህ የተሠራው ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው። አንተ የጠየቅከው ሙቀት ከዚያ እጅግ ያልፋል። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙ ሰው ኦቨርክሎክ አድርጎ (ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አፍጥኖ) ከፋብሪካው ቅንብር የዘገየ ማሽን የሚታቀፈው በዚህ ሳቢያ ነው።

አረንጓዴ ሳጥኖቹን በተመለከተ ፍርሃትህ ትክክል ነው። ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ አይዘጋም። የተሳሳተ ሒሳብ ሠርቶ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ እኔ ከሰማያዊው ስክሪን ይልቅ ይህንን እፈራለሁ። ስለዚህ አጥብቄ የምለምንህ ነገር አለ። ማሽኑ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ከካሜራ ካርድ ወደ እርሱ ምንም አትገልብጥ፤ የገለበጥከውም ካለ ካርዱን አታጥፋው። ግልባጩ በራም ውስጥ ሲያልፍ ሊበላሽ ይችላል፤ የተበላሸ መሆኑን የምታውቀው ደግሞ ካርዱ ላይ ሌላ ሰርግ ከቀረጽክበት በኋላ ይሆናል።

መብራቱን ከፕሮሰሰሩ ለመለየት የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ክፈትና በሲስተም ሥር ያሉትን ስህተቶች እይ። «ኬርነል ፓወር 41» የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፤ ምክንያቱን አይገልጽም። «ዊያ ሎገር» 18 ወይም 19 ካገኘህ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ስህተት መዝግቧል ማለት ነው፤ 19 የታረመ፣ 18 ያልታረመ ስህተት ነው። ከዚያ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሰህ ያንኑ ቪዲዮ በዚያው መብራት በሚዳከምበት ሰዓት አውጣ። ያኔም ድርግም ካለ ኤሌክትሪኩን ተጠራጠር። ያየኸውን ጻፍልን።


የሰርግ ካሜራ፦ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 6፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። መዝገቡን አየሁት። ሰማያዊ ስክሪን በመጣባቸው ሰዓቶች ዊያ 18 አለ። ድርግም ባለባቸው ሰዓቶች ግን 41 ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው። ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሼው ትናንት ማታ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ ድርግም ብሏል። ሰማያዊ ስክሪን ግን አላየሁም። በ4.1 ሳለ ሙቀቱን ስለካው 95 ይደርስ ነበር።


ጮቄ፦ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7፡10

እንግዲያው ችግሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱን በሌላው አንፈታውም። መጀመሪያ የመብራቱን። በዚህ ላይ ዘንገና ከእኔ የተሻለ ታውቃለች፤ እህቴ፣ ካለሽ ብትመልሺለት?


ዘንገና (እንጅባራ)፦ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡00

አለሁ ጋሼ። አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፤ ኮር አይ7-4790ኬ ላይ ሌሊት ሬንደር ስለማደርግ ይህ ጉዳይ የየቀን ጭንቀቴ ነው።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በፓወር ሰፕላይህ ጎን የተለጠፈውን አንብብ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ መብራቱ ከ220 ብዙ ቢወርድም ይችለዋል። «200–240» የሚል ከሆነ ግን የምሽቱ መዳከም ከሚችለው በታች ያወርደዋል። ፕሮሰሰሩን ባፈጠንከው መጠን ፓወር ሰፕላዩ የበለጠ ኃይል ስለሚስብ አፍታ መቋረጥን የመሸከም አቅሙም ያንሳል።

የስታቢላይዘር ነገር ደግሞ ይታሰብበት። ብዙዎቹ «ጠቅ» እያሉ ደረጃ የሚቀይሩ ናቸው፤ በምትቀያየረው ቅጽበት መስመሩ ይቋረጣል። ስታቢላይዘር ካለህ፣ ድርግም የሚልብህ እርሱ ጠቅ ባለበት ቅጽበት እንደሆነ አዳምጠው። ለሥራ ማሽን እኔ የምመርጠው ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚይዝ) ነው። ግን 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው የሚችለው። ማሽኑን፣ ስክሪኑንና ውጫዊ ሃርድ ዲስኩን ብቻ ሰካበት። ስቱዲዮህ ውስጥ ሌዘር ፕሪንተር ካለ በፍጹም ዩፒኤሱ ላይ አይሰካ፤ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠውን ክፍል ሲያሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። የዩፒኤሱ ባትሪ ያረጀ ከሆነም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ሳይሆን ባዶ ሳለ ነቅለህ ፈትነው።


ጣና ዳር፦ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡45

የመብራቱን ተቀብያለሁ። የሙቀቱ ግን አልገባኝም። ደብረ ማርቆስ ብርድ አይደለም እንዴ? የባሕር ዳር ሙቀት እኔን ሳይበግረኝ እርሱ ጋ እንዴት 95 ይደርሳል?


ጮቄ፦ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 4፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ማንም የማይነግረን ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው አየር ይገፋል፤ ነገር ግን በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት የሚሸከመው ነገር ሳስቷል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች እናንተ ጋ ቅናሹ ወደ 16 በመቶ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የተጻፈ «ይህ ማቀዝቀዣ በዚህ ፍጥነት 75 ዲግሪ ላይ ያቆመዋል» የሚል ጽሑፍ አንብባችሁ የጎጃም ደጋ ላይ ያንኑ አትጠብቁ። በውሃ የሚሠራውም ማቀዝቀዣ ከዚህ አያመልጥም፤ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያደርሰው ለዚያው ሳሳ ላለ አየር ነውና። የክፍሉ ቅዝቃዜ በእርግጥ ይክሳል፤ ማታ 14 ዲግሪ የሆነ ክፍል ትልቅ ስጦታ ነው። ግን የሚክሰው ማታ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ነገር አለ። ፕሮሰሰር ከክፍሉ በላይ የሚሞቅበት ልክ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙም አይለዋወጥም። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በ10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በኅዳር ሌሊት 85 ዲግሪ ላይ ያለፈ ማሽን በመጋቢት ቀትር 95 ነው። በብርዱ ስትፈትኑ ለበጋው ቦታ ተዉለት።

ነገ ኅዳር 12 ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን ይውላል። ኮምፒውተር ያለበትን ክፍል መስኮት ዝጉ። ጭስ ያለበት አቧራ ቅባት ስላለው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ደረቁ አቧራ በመንፋት ብቻ አይለቅም፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚነሣው። ስትነፉም ማራገቢያውን በጣታችሁ ያዙት፣ እንዳሻው አይሽከርከር።


ብርሸለቆ (ፍኖተ ሰላም)፦ ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3፡00

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላቋርጥ። የእኔ ኮር አይ5-8400 ነው፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛ ማሽን ነው። ይህንን ማፍጠን ይቻላል?


ዘንገና፦ ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3፡40

አይቻልም። የፕሮሰሰር ፍጥነት መነሻው 100 ሜጋኸርዝ ሲባዛ በማባዣው ነው፤ በኢንቴል ማባዣው የተፈታው (እንዲቀየር የተፈቀደው) በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ያለባቸው ላይ ነው፣ እርሱም ዜድ ተብለው በሚጀምሩ ማዘርቦርዶች። በዚያ ማሽን ላይ የሚያዋጣህ ራሙ ሁለት ሆኖ በሁለቱም ቻናል መሰካቱን ማየት፣ የሙቀት ቅባቱን ማደስና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ነው።


ጮቄ፦ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 8፡20

ወደ ሥራው እንመለስ። የሰርግ ካሜራ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር።

ከመንካትህ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሣ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባዮስን ወደ መነሻው የሚመልሱት ሁለት እግሮች የት እንዳሉም ከመመሪያው ላይ እይ። ማሽኑ እንቢ ካለ ገመዱን ነቅለህ እነርሱን ማገናኘት ወይም ክብ ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ይመልሰዋል።

ከዚያ ራሙን ከኤክስኤምፒ አውጣው። ራይዘን 2000 በይፋ የሚደግፈው እስከ 2933 ነው፤ 3200 ራሱ ኦቨርክሎክ ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ከፈተንክ ስህተት ሲመጣ የማን እንደሆነ አታውቅም። ራሙ በመነሻው ላይ እያለ ፕሮሰሰሩን 3.9፣ ቮልቴጁን 1.25 አድርግ። ፕራይም95 የተባለውን መፈተኛ ፕሮግራም «ስሞል ኤፍኤፍቲ» በሚለው ምርጫው አሂድ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሞቀው እርሱ ነው። ሙቀቱን በኤችደብሊውኢንፎ ተከታተል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች 85ን ካለፈ አቁመው፤ ያ ማቀዝቀዣ ከዚህ በላይ አይወስድህም። ካለፈልህ 25 ሜጋኸርዝ፣ 25 ሜጋኸርዝ እያልክ ውጣ። ፕራይም95 «ሠራተኛ» ከሚላቸው ጎን ለጎን የሚሄዱ ፈተናዎች አንዱ «የማጠጋጋት ስህተት» ብሎ ከቆመ ሌሎቹ ቢቀጥሉም ፈተናው ወድቋል። ያኔ ቮልቴጁን በትንሹ ጨምር ወይም ወደ ቀደመው ፍጥነት ተመለስ። ሌሊቱን ሙሉ ያለ አንድ ስህተት ካደረ፣ በመዝገቡም ዊያ ከሌለ፣ በመጨረሻ የራስህን ሥራ ስጠው፤ ረጅሙን ሰርግ አውጣና ከዳር እስከ ዳር ተመልከተው።

ሎድላይን የሚባለውን (ሥራ ሲከብድ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነውን የባዮስ ቅንብር) መካከለኛ ላይ ተወው። ቮልቴጅ ሥራ ሲከብድ ዝቅ ማለቱ ጤነኛ ነው። ያንን በጉልበት ስታስቆመው ሥራው ድንገት ሲቀል ቮልቴጁ ካዘዝከው በላይ ይዘላል፤ ያችን ዝላይ ሶፍትዌር አያሳይህም።

ማቀዝቀዣ ከለወጥክ ደግሞ ልብ በል። የአሁኑ ማቀዝቀዣህ አየሩን ወደ ታች ስለሚነፋ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን የኃይል መቆጣጠሪያዎች አብሮ ያቀዘቅዛቸዋል። ማማ መሰሉ ግን አየሩን ወደ ጎን ነው የሚወስደው። ርካሽ ቢ450 ቦርዶች በእነዚያ ክፍሎች ላይ ትንሽ ብረት ወይም ምንም የላቸውም፤ ፕሮሰሰሩ ሲበርድ እነርሱ ይቃጠላሉ። ከላይ ወይም ከኋላ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ያስፈልግሃል።


ጣና ዳር፦ ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ በክብር ልከራከርዎት። ለእርሱ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ለእኔ ግን ጨዋታ ቢዘጋ የማጣው ነገር የለም፤ እንደገና እከፍተዋለሁ። 4.2 ላይ ብቆይ ምን ይጎዳኛል?


ጮቄ፦ ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡10

መብትህ ነው፤ የማሽኑ ዓላማ የአንተ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስብ። ከፍተኛ ቮልቴጅና ከፍተኛ ሙቀት አብረው ሲሆኑ በቺፑ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ቀስ በቀስ ይሸረሽራሉ፤ ዛሬ በ1.42 የጸናው ፍጥነት ውሎ አድሮ ተጨማሪ ይጠይቅሃል። ደግሞም ትምህርትህም በዚያው ማሽን ላይ ከሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ የተቀመጠው ጨዋታው በሚዘጋበት ዲስክ ላይ ነው። ቢያንስ ለጨዋታና ለሥራ ሁለት የባዮስ ፕሮፋይል አስቀምጥ።

ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ቮልቴጅ እንኳ ሊጎዳ እንደሚችል ያየነው በቅርቡ ነው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ማንም ሳይነካቸው መረጋጋት ሲያጡ፣ ኢንቴል በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማስተካከያ ማይክሮኮድ (በባዮስ ማደሻ የሚገባ የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) አውጥቶ የዋስትናውን ጊዜ በሁለት ዓመት አራዝሟል። ያገለገለ የዚያ ትውልድ ማሽን የምትገዙ ካላችሁ ባዮሱ መታደሱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ቀድሞ የተጎዳውን ማይክሮኮዱ አይመልሰውም።


የሰርግ ካሜራ፦ ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 9፡00

ወገኖቼ፣ ውጤቱን ይዤ መጣሁ። የፓወር ሰፕላዬ ጽሑፍ ዘንገና እንደጠረጠረችው 200–240 ነበር። ሰፊውን በሚችል ቀየርኩት፣ ዩፒኤስም ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምሽት ላይ ድርግም ማለቱ ቆሟል። ያገለገለ ማማ ማቀዝቀዣ ከባሕር ዳር አስመጣሁ፣ ከኋላም ማራገቢያ ጨመርኩ።

በትንሹ ማቀዝቀዣ 3.9 ላይ 85ን አልፎ ነበር። በአዲሱ 4.0 በ1.3 ቮልት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ስህተት አደረ፤ ሙቀቱ 74 ላይ ቆመ። 4.05 ላይ አንዱ ሠራተኛ ስለቆመ ተውኩት። የሁለት ሰዓት ሰርግ አውጥቼ ከባለቤቴ ጋር ከዳር እስከ ዳር አየነው፤ ንጹሕ ነው። ራሙ አሁንም በመነሻው ላይ ነው፤ ወደ 3200 ልመልሰው?


ዘንገና፦ ታኅሣሥ 4፣ ከቀኑ 10፡15

እሰይ ወንድምዓለም! እኔ ብሆን መጀመሪያ 2933 ላይ አድርጌ ሜምቴስት 86 የተባለውን የራም መፈተኛ ሙሉ ዙር አስኬደው ነበር። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ወደ ታች ውረድ፤ በራም ላይ «ጥቂት ስህተት» የሚባል ነገር የለም።


ጮቄ፦ ታኅሣሥ 4፣ ከምሽቱ 1፡05

እንዳለችህ አድርግ፤ ራሙ ካለፈ በኋላም ፕራይም95ን በብሌንድ (ራሙንም አብሮ በሚፈትነው ምርጫ) አንድ ሌሊት ድገመው፤ ፍጥነቱ ሲቀየር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ማገናኛም አብሮ ስለሚፈጥን የቀደመው ፈተና ለአዲሱ አይሠራም። በ3200 የምታተርፈው ቪዲዮ ላይ ጥቂት ነው፤ 2933 ላይ ንጹሕ ከሆነ እዚያው እንዲቆይ እመክርሃለሁ። 74 ዲግሪ ለመጋቢት በቂ ቦታ ይተውልሃል፤ መጋቢት ሲገባ ግን በቀትር አንድ ጊዜ ለካውና ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልን። ደጋ ላይ ማማ ማቀዝቀዣ በበጋ እንዴት እንደሚሆን የሚጠይቁኝ ሌሎችም አሉ።